የእሑድ አደን በፔንሲልቬኒያ፦ የሰንበት ሕግ፣ የገበሬው መሬትና የአዳኞች ዋዜማ

በ2019 በፔንሲልቬኒያ ግዛት በጠመንጃ አጋዘን የማደን ወቅት የተከፈተው ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 30 ቀን ነው (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ1963 ጀምሮ ወቅቱ ይከፈት የነበረው ከታንክስጊቪንግ (ሐሙስ ከሚከበረው የአሜሪካውያን የምስጋና በዓል) በኋላ በሚውለው ሰኞ ስለነበረ፣ የቅዳሜው መክፈቻ ብቻውን አዳኞችን ለሁለት የከፈለ ለውጥ ሆነ። ይሁን እንጂ አደኑ ቅዳሜ ተጀምሮ እሑድ ቆመ፤ ሰኞ እንደገና ቀጠለ። መካከል ላይ የገባችው የአንድ ቀን ዕረፍት ከ1873 የአደን ሕግ ስትወርድ ስትዋረድ የመጣች ናት። በሚቀጥለው ዓመት ሦስት እሑዶች ለአዳኞች ተፈቀዱ፤ በ2025 ደግሞ ክልከላው ተሻረ።

ይህ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሃይማኖትና የግለሰብ ነጻነት ግጭት ተደርጎ ይቀርባል። አቀራረቡ ለክርክር ይመቻል፤ የሆነውን ነገር ግን አያስረዳም። እኔ እንደምረዳው የእሑዱን ክልከላ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሙሉ ደግፎ ያቆመው የመሬት ባለቤቱ፣ በተለይም የገበሬው፣ ጥቅም ነው። ክልከላው የላላውም ገበሬው በእሑድ ያገኝ የነበረውን ጥበቃ በሌላ መንገድ ማግኘት ሲጀምር ነው። የአዳኙ ባህል በበኩሉ የቆመው በሰኞው ላይ ስለነበር፣ ትልቁ ጉዳት የደረሰው ብዙ ክርክር በተነሣበት በእሑዱ በኩል አይደለም።

ፔንሲልቬኒያ ከምሥረታዋ ጀምሮ ሰንበትን በሕግ ያስከበረች ምድር ናት። ዊልያም ፔን በ1682 ያወጣው ታላቁ ሕግ ሰዎች እሑድ ከዕለት ተዕለት ሥራቸው እንዲያርፉ ያዝዝ ነበር። የ1794ቱ ሕግ ሥራን ብቻ ሳይሆን አደንንና ተኩስን ጭምር በስም ጠቅሶ ከለከለ፤ የጣሰ ሰው አራት ዶላር ይቀጣ ነበር። የ1873ቱ ሕግ ይህንኑ የአደን ደንብ አድርጎ አጸናው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ በእርግጥ የሃይማኖት ጉዳይ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን የሰንበት ሕጎች አንድ በአንድ ተሸረሸሩ። በ1933 ግዛቱ የሙያ ስፖርት እሑድ ከሰዓት በኋላ እንዲካሄድ ለየአካባቢው ሕዝብ ድምፅ ተወው፤ የፊላደልፊያና የፒትስበርግ የእግር ኳስ ክለቦች (የአሜሪካ እግር ኳስ ማለቴ ነው) በዚያው ዓመት የተመሠረቱት በዚህ ምክንያት ነው። ሱቆች ተከፈቱ፤ ዓሣ ማጥመድ ተፈቀደ። በአደኑ ሕግ ውስጥ እንኳ ቀበሮ፣ ኮዮቴና ቁራ እሑድም ሊታደኑ ይችሉ ነበር። ቀበሮ የሚተኮስበት እሑድ አጋዘን ሲተኮስበት ሰንበት ይሻራል የሚል የነገረ መለኮት ክርክር እስካሁን አላጋጠመኝም። የሃይማኖቱ ምክንያት ከደከመ በኋላም ክልከላው ሰማንያ ሰባት ዓመት ያህል ቆየ። ሊጠየቅ የሚገባው ማን አቆየው የሚለው ነው።

ወደዚያ ከማለፌ በፊት ለእኛ አንባቢ ቅርብ የሆነ አንድ ነጥብ አለ። በ1961 ቅዳሜን የሚያከብሩ የፊላደልፊያ አይሁድ ነጋዴዎች እሑድም ሱቃችንን እንድንዘጋ መገደዳችን በእምነታችን ምክንያት መቀጣት ነው ብለው በብራውንፌልድ መዝገብ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ ሕጉ የጋራ የዕረፍት ቀን ለማቆም የታለመ ዓለማዊ ሕግ ነው በማለት አልተቀበላቸውም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቀዳሚት ሰንበትንና እሑድን አንድ ላይ እንዲከበሩ ያስወሰኑባት ቤተ ክርስቲያን ልጆች የእነዚያ ነጋዴዎች ጭንቀት ወዲያው ይገባናል። ከሳምንቱ ሥራ ነጻ የሚሆነው በሁለት ቀን ብቻ ለሆነ፣ አንዱን ቀን ሃይማኖቱ ሌላውን ሕጉ ለሚዘጋበት ሰው የጋራ ዕረፍት የተባለው ነገር የጋራ አይደለም። ቅዳሜን የሚጠብቅ የአድቬንቲስት አዳኝ በፔንሲልቬኒያ የነበረበት ሁኔታ ይኸው ነው።

ክልከላውን ያቆየው ገበሬው ነው። አብዛኛው የፔንሲልቬኒያ መሬት የግል ነው፤ ግዛቱ ለአዳኞች የያዘው የአደን መሬት 1.5 ሚሊዮን ኤከር ያህል ቢሆንም ብዙው አጋዘን የሚውለው በቆሎና አኩሪ አተር በተዘራበት፣ ጫካና ማሳ በሚጎራበቱበት የሰው ይዞታ ላይ ነው። ገበሬው አጋዘኑ እንዲገደልለት ይፈልጋል፤ ሰብሉን ይበላበታልና። የማያውቀው ሰው ጠመንጃ ይዞ ከቤቱ ጀርባ እንዲያልፍ ግን አይፈልግም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይታገሳል፤ እሑድ ልጆቹ ከግቢ ወጥተው የሚሮጡበት፣ ፈረስ የሚጋለብበት፣ ተኩስ የማይሰማበት አንድ ቀን ነበረው። የፔንሲልቬኒያ ፋርም ቢሮ የተባለው የገበሬዎች ማኅበር ለዓመታት የእሑድ አደንን አጥብቆ የተቃወመው ይህችን ቀን ለማስጠበቅ ነው። የእግር ተጓዦች ማኅበራትም ከጎኑ ቆሙ፤ ብርቱካናማ ሰደርያ ሳይለብሱ ያለ ስጋት በጫካ የሚያልፉባት የመኸር ቀን እሱዋ ብቻ ነበረች።

የ2019ኙ ስምምነት መንፈስ ከዚህ ይነበባል። ከኢሪ የተመረጡት የሴናተር ዳን ላክሊን ረቂቅ ሕግ በአገረ ገዥ ቶም ዎልፍ ኖቬምበር 27 ቀን ሲፈረም የፈቀደው ሦስት እሑዶችን ነው፦ አንዱን በቀስት ወቅት፣ አንዱን በጠመንጃ ወቅት፣ ሦስተኛውን የግዛቱን አደን የሚያስተዳድረው ጌም ኮሚሽን እንደመረጠው። በምላሹ ሁለት ነገር ተሰጠ። እሑድ በግል መሬት ላይ የሚያድን ሰው የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ አለበት፤ ያለፈቃድ መግባትም ሌላ ጥፋት ሳይጠበቅ የአደን መኮንኑ በቀጥታ የሚከስበት ወንጀል ሆነ። በዚያው ወር የጸደቀ ሌላ ሕግ ደግሞ ባለመሬቱ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ በመስቀል ፋንታ ዛፎቹን ሐምራዊ ቀለም እንዲቀባ ፈቀደለት። ምልክቱ ቁመቱ ቢያንስ 8 ኢንች፣ ወርዱ 1 ኢንች የሆነ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ከመሬት ከ3 እስከ 5 ጫማ ከፍታ ላይ ይቀባል፤ በአንዱና በሌላው ምልክት መካከል ያለው ርቀትም ከ100 ጫማ አይበልጥም። ሰሌዳ ይቀደዳል፣ ይነቀላል፤ ቀለሙ ግን ከዛፉ ጋር ይኖራል። በእኔ ግምት ለእሑድ አደን በር የከፈተው ስለ ነጻነት ከተደረጉት ንግግሮች ይልቅ እነዚህ ለባለመሬቱ የተሰጡ ዋስትናዎች ናቸው።

ስለ አዳኞች ሲወራ ደግሞ ሁሉም በአንድ ድምፅ እሑድን የጠየቁ ይመስላል። እውነቱ እንዲህ አይደለም። በሰሜኑ ተራራማ ወረዳዎች፣ በፖተር፣ በታዮጋ፣ በክሊንተን፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉ የአደን ካምፖች አሉ። ካምፕ ሲባል የእንጨት ቤት ነው፤ ተደራራቢ አልጋዎች፣ የማገዶ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ የተመቱ ቀንዶች ይኖሩበታል። ሰኞው መክፈቻ በነበረበት ዘመን ሐሙስ የታንክስጊቪንግ ማዕድ በቤት ይበላል፤ ዓርብ ወይም ቅዳሜ መኪናው ተጭኖ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ ከአካባቢው ሱቅ ስንቅና ጥይት ይገዛል። እሑድ ጠመንጃ ይፈተሻል፣ ጫካው በእግር ይታያል፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ይከፋፈላል፤ አያት ለልጅ ልጁ አጋዘን ከመተኮሱ በፊት ከጀርባው ምን እንዳለ እንዲያይ ያስተምረዋል። ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። በገጠር ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች በዚያ ቀን ይዘጉ ነበር።

ስለዚህ አደን የማይፈቀድበት እሑድ ለካምፑ ሰው የአደኑ ዋዜማ ነበር። ሕግ አውጪዎቹ ለዚህ አስበው ያስቀመጡት ቀን አይደለም፤ የ1873ቱ ክልከላና የ1963ቱ የሰኞ መክፈቻ ሳይታሰብ ተገጣጥመው የፈጠሩት ነው። ሆኖም ባህሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። የጌም ኮሚሽን ቦርድ በ2019 መክፈቻውን ወደ ቅዳሜ ሲያመጣው ዋዜማው ከታንክስጊቪንግ ማዕድ ጋር ተጋጨ። ሐሙስ ማታ ከዘመድ ጋር የበላ ሰው ዓርብ ሲነጋ መንገድ ካልጀመረ አይደርስም። የቅሬታው ጭብጥ ይህ ሆኖ ሳለ፣ በውይይቱ ውስጥ የሽማግሌዎች ናፍቆት ተደርጎ መታለፉ ቅር ያሰኘኛል። በእነዚያ ወረዳዎች የሚኖረው ባለሱቅ የጠፋበትን ቅዳሜና እሑድ የሚቆጥረው በገቢው ነው።

ቢሆንም የቅዳሜው ወገን የያዘው ምክንያት ከባድ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዓመት 1.3 ሚሊዮን ያህል የነበረው የአደን ፈቃድ በ2019 ከ900,000 በታች ወርዷል። ኮሚሽኑ ከግዛቱ አጠቃላይ ግብር አይመደብለትም፤ የሚተዳደረው ከፈቃድ ሽያጭ፣ ከመሬቱ ከሚያገኘው እንጨትና ጋዝ፣ እንዲሁም ከ1937ቱ የፒትማን–ሮበርትሰን ሕግ ወዲህ በጠመንጃና በጥይት ላይ ከሚጣለው የፌዴራል ቀረጥ ነው። አዳኝ ሲያንስ የጫካው ጠባቂም ያንሳል። ዩኒቨርሲቲ ያለ ወጣትና በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ ሰኞ ከትምህርቱ ወይም ከሥራው መቅረት አይችልም። ካምፕ የወረሰና ደመወዙ ሳይቆረጥ የሚያርፍ ሰው የሚጠብቀው ሰኞ፣ ለእነዚህ የተዘጋ በር ነው። እሑድ ተከልክሎ ሳለ የቀረላቸው ቅዳሜ ብቻ ነበር።

በዚህ ላይ አጋዘኑ ራሱ አለ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነጭ ጅራት አጋዘን ከፔንሲልቬኒያ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በ1895 የተቋቋመው ኮሚሽን ከሌሎች ግዛቶች አጋዘን አስመጥቶ ለቀቀ፤ በ1907 ቀንድ የሌለው አጋዘን እንዳይገደል ተደነገገ። ጥበቃው ከታሰበው በላይ ሠራ። ሴቷ በደህና ዓመት መንታ ትወልዳለች፤ ተኩላም ከግዛቱ ጠፍቷል። ዛሬ አጋዘን እንዳይገባ በታጠረ የጫካ ቁራሽና በውጪው መካከል ያለው ልዩነት ማንም የሚያየው ነው፦ በአጥሩ ውስጥ የኦክና የሜፕል ችግኝ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፤ ከአጥሩ ውጪ አጋዘን የማይወደው ፈርን ብቻ መሬቱን ሸፍኖ ይታያል። ሴት አጋዘን መግደል ነውር ነው ተብሎ ያደገ ትውልድ ግን ይህን ለመቀበል ተቸግሯል። በ1999 የአጋዘን ክፍሉን የያዙት የሥነ ሕይወት ባለሙያ ጋሪ አልት ሴቶቹ በብዛት እንዲገደሉ ሲሟገቱ የገጠማቸው ቁጣ ጥይት መከላከያ ልብስ እስከማስለበስ ደርሶ ነበር።

እሑድ ሲፈቀድ የግዳዩ ቁጥር ጨመረ ወይ? በ2019–20 ወቅት ወደ 389,000 አጋዘን ተገድሏል፤ በ2024–25 ወደ 477,000። ጭማሪውን ሁሉ ለእሑድ መስጠት ግን ስሕተት ነው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የኮቪድ ወረርሽኝ ሰዉን ወደ ጫካ አውጥቶታል፤ የሴት አጋዘን ፈቃድ በብዛት ተሸጧል፤ ወንዱና ሴቷ በአንድ ወቅት የሚታደኑበት ጊዜም ሰፍቷል። እሑድ ያደረገው አስተዋጽኦ ይኖራል፤ ከእነዚህ ለይቶ ማውጣት ግን አይቻልም። ሕጉን ያስተዋወቁት ፖለቲከኞች በቁጥሩ መኩራራት የለባቸውም።

የሌሎች ግዛቶች ተሞክሮ የመሬቱን ነገር ያጠናክረዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ቨርጂኒያ በ2014 እሑድን የከፈተችው በግል መሬትና በባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ ከማንኛውም የአምልኮ ቤት 200 ያርድ ርቀት እንዲጠበቅም አስገደደች። የሕዝብ መሬት የተከተለው በ2022 ነው። በሜይን ደግሞ ክልከላው እስካሁን ጸንቷል። በ2021 የጸደቀው የምግብ መብት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እሑድ አድነን እንድንበላ ይፈቅድልናል ያሉ ባልና ሚስት ከሰው፣ በ2024 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አልተቀበላቸውም። በሜይን ሰፊ የግል ደን ያለ ፈቃድ ወረቀት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የደኑ ባለቤቶች እሑድ ከተፈቀደ መሬታችንን እንዘጋለን ሲሉ ኖረዋል። እንደ ቨርጂኒያና እንደ ፔንሲልቬኒያ ያለ የጽሑፍ ፈቃድ ልማድ ስለሌላቸው እሑድ ብቸኛ መያዣቸው ሆኗል።

በ2025 አገረ ገዥ ጆሽ ሻፒሮ የፈረሙት ሕግ ክልከላውን ሽሮ የቀኖቹን ምርጫ ለኮሚሽኑ ሰጠ። ኮሚሽኑ ለመጀመሪያው ወቅት ከሴፕቴምበር 14 እስከ ዲሴምበር 7 ያሉትን 13 እሑዶች መረጠ፤ በግል መሬት ላይ የጽሑፍ ፈቃድ የመያዙ ግዴታም ቀጠለ። መሻሩን እደግፋለሁ። የአንዱን ሃይማኖት ቀን በሌላው ላይ የጫነ ደንብ ነበር፤ የሠራተኛውንም ዕድል ያጠብ ነበር። ሆኖም የገበሬው ጥቅም በእሑድ ብቻ የሚከበርበት ምክንያት አይታየኝም። ዛሬ በሕጉ መሠረት አዳኙ እሑድ የባለመሬቱን ፊርማ በኪሱ መያዝ አለበት፤ ማክሰኞ ግን በቃል ፈቃድ ይገባል። ግዴታው ለሳምንቱ ሁሉ ቢዘረጋ ከተማ ያደገና ገበሬ የማያውቅ ወጣት ይጎዳል የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። መልሱ ግን ከኮሚሽኑ እጅ አልራቀም፤ መሬታቸውን ለአዳኞች ክፍት ያደረጉ ገበሬዎች የሚመዘገቡበት ፕሮግራም ለአሠርት ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። ወጣቱ ከኦገስት ጀምሮ ከዚያ መዝገብ ስም አውጥቶ የገበሬውን በር ቢያንኳኳ፣ ካምፕ ያልወረሰ ሰው ዋዜማ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ ኮሚሽኑም የሚቀጥሉትን ዓመታት እሑዶች ሲመርጥ ይህን አብሮ መወሰን ይችላል።