ማስረከቢያ ቀን የሌለው ውል፤ በጆርጆች ዘመን የእንግሊዝ ሴቶች ድርሰትና የመጻሕፍት ኅትመት

ማንኛውም መሐንዲስ ውል ሲቀርብለት አስቀድሞ የሚመረምረው ሦስት ነገር ነው፤ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ፣ ሥራው የሚያልቀው መቼ እንደ ሆነ፣ ኪሣራ ቢደርስ ዕዳው የማን እንደ ሆነ። ከሦስቱ አንዱ ሳይጻፍ የቀረ እንደ ሆነ የሚከተለውን ጣጣ በሞያው የቆየን ሁሉ ቀምሰነዋል። በ1803 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የሃያ ሰባት ዓመት ዕድሜ የነበራት የአንድ ቄስ ልጅ የጻፈችውን ልብ ወለድ ክሮስቢ ለተባለ የለንደን አሳታሚ በ10 ፓውንድ ሸጠች። ገንዘቡ ተከፈለ፤ መጽሐፉ ግን ሳይታተም ቀረ። ከስድስት ዓመት በኋላ በተውሶ ስም ደብዳቤ ጽፋ ብትጠይቅ፣ የማሳተሚያው ጊዜ በውሉ ስላልተወሰነ የማተም ግዴታ እንደሌለበት፣ ሌላ ሰው ቢያትመው ግን በሕግ እንደሚያስከለክል፣ የእጅ ጽሑፉን የምትፈልገው ከሆነ የተከፈለውን 10 ፓውንድ እንድትመልስ የሚያስታውቅ መልስ ደረሳት። ጸሐፊዋ ጄን ኦስተን ነበረች።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኦስተንንም ሆነ የዘመኗን ሴቶች ድርሰት ውበት ለመተንተን አይደለም፤ እርሱ የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ድርሻ ነው። እኔ ለማሳየት የምሞክረው የእጅ ጽሑፉ መጽሐፍ እስኪሆን ያለፈበትን መንገድ ነው፤ ይኸውም የማተሚያውን መሣሪያ፣ የገንዘቡን ስሌትና ሕጉን ነው። በዚያ ዘመን የምትጽፍ ሴት ብዙ ነበረች፤ ድርሰቷ ለአንባቢ መድረሱን፣ ከደረሰም በኋላ ትርፉ የማን እንደሚሆን የወሰነው ግን ውሉ ነበረ። ዓመታቱ በሙሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የማተሚያው ሥራና ወጪው

የጆርጆች ዘመን የሚባለው ጆርጅ የተባሉ አራት ነገሥታት በእንግሊዝ ዙፋን ላይ የተከታተሉበት፣ ከ1714 እስከ 1830 ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ዘመን አብዛኛው ክፍል መጽሐፍ የሚታተመው በጉተንበርግ ጊዜ ከነበረው ብዙ ባልተለወጠ የእንጨት መጭመቂያ ነበር። ፊደል ለቃሚው የእርሳሱን ፊደል አንድ በአንድ በእጁ እየለቀመ ይደረድራል፤ ከዚያም አንዱ ሠራተኛ ቀለም ሲቀባ ሌላው እጀታውን ይስባል። ሁለቱ ተጋግዘው በሰዓት ቢበዛ 250 ያህል ወረቀት በአንድ ፊት ያትማሉ። በ1800 ገደማ ሎርድ ስታንሆፕ የብረት መጭመቂያ አሠራ፤ በ1814 ደግሞ «ዘ ታይምስ» ጋዜጣ በሰዓት 1,100 ወረቀት የሚያትመውን በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ የኮኒግን ማተሚያ ሥራ ላይ አዋለ። ልብ ወለድ ግን በጥቂት መቶዎች ወይም በአንድ ሺህ ቅጂ የሚወጣ በመሆኑ ከእጅ መጭመቂያው ቶሎ አልተላቀቀም።

ከወጪው ከፍ ያለውን ድርሻ የሚይዘው ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ከአሮጌ ጨርቅ የሚሠራ ከመሆኑም በላይ ቀረጥ ነበረበት፤ ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ረጅም ጦርነት ጊዜም ዋጋው እጅግ ናረ። በሌላ በኩል የፊደሉ ብረት ውድ ስለ ነበረ የአንድ መጽሐፍ ገጽ ታትሞ እንዳለቀ ፊደሉ ተበትኖ ለሌላ ሥራ ይውላል። ስለዚህ አሳታሚው የሚታተመውን ቅጂ ብዛት አንድ አንባቢ እንኳ መጽሐፉን ሳያይ መወሰን ነበረበት። ቢያበዛ ወረቀቱ በመጋዘን ተከምሮ ይቀራል፤ ቢያሳንስ ሁለተኛውን እትም ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ እንደ ገና ማስለቀም ይኖርበታል። ኅትመት ማለት እንግዲህ ካፒታልን አስቀድሞ መቅበር ማለት ነበር።

ዋጋውም የዚያኑ ያህል ከባድ ነበር። በ1813 በሦስት ቅጽ የወጣው የኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» 18 ሺሊንግ ይሸጥ ነበር፤ ይህም ከአንድ የእርሻ ሠራተኛ የሳምንት ደመወዝ ይበልጣል። ብዙው ሰው ያነብ የነበረው ገዝቶ ሳይሆን ከመጽሐፍ አከራይ ቤቶች ተከራይቶ ነው። ዊልያም ሌን የተባለው ነጋዴ ለእነዚሁ ቤቶች የሚሆን ልብ ወለድ በብዛት ያወጣ ነበር፤ በ1790 ሚነርቫ ብሎ የሰየመው የለንደን ማተሚያ ቤቱም ብዙ ሴቶች የጻፉበት፣ አብዛኞቹም ስማቸውን ሳይገልጹ የጻፉበት ነው።

አራቱ መንገዶች

አንድ ደራሲ በዚያ ዘመን ሊመርጥ የሚችለው ከአራት መንገዶች አንዱን ነበር። የመጀመሪያው የባለቤትነት መብቱን በአንድ ጊዜ ክፍያ መሸጥ ነው፤ ኪሣራውም ትርፉም የአሳታሚው ይሆናል። ሁለተኛው በራስ ኃላፊነት ማሳተም ነው፤ አሳታሚው ኮሚሽኑን ይወስዳል፣ ኪሣራ ቢኖር ደራሲው ይከፍላል። ሦስተኛው ትርፍ መካፈል ነው። አራተኛው ገዢዎችን አስቀድሞ አስመዝግቦ፣ በገንዘባቸው አሳትሞ፣ ስማቸውን በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ማውጣት ነው።

ፋኒ በርኒ በ1778 የወጣውን «ኤቨሊና» የተባለውን የመጀመሪያ መጽሐፏን ስትሸጥ ያገኘችው 20 ጊኒ ብቻ ነበር። የአባቷን ጽሑፎች የምትገለብጠው እርሷ ስለ ነበረች አታሚዎች የእጅ ጽሕፈቷን እንዳይለዩባት ሙሉውን መጽሐፍ በተለወጠ እጅ ጻፈችው፤ ወደ አሳታሚው የወሰደውም ወንድሟ ነበረ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ግን በ1796 «ካሚላ»ን በቅድሚያ ምዝገባ ስታሳትም ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች በነፍስ ወከፍ አንድ ጊኒ እየከፈሉ ተመዘገቡ፤ የባለቤትነት መብቱም ተጨማሪ 1,000 ፓውንድ አስገኘላት። በዚህ ገንዘብ ቤት ሠራችበት። ከተመዝጋቢዎቹ መካከል በዚያን ጊዜ ማንም የማያውቃት የሃያ ዓመት ወጣት ጄን ኦስተን ትገኝ ነበር። አን ራድክሊፍ ደግሞ በ1794 ለአንድ መጽሐፍ 500 ፓውንድ፣ በ1797 ለሌላው 800 ፓውንድ ተከፈላት። ስለዚህ ገበያው ሴትን ፈጽሞ ያገለለ ነበር ማለት ስሕተት ይሆናል፤ እንዲያውም በ1810ዎቹ ማንነታቸው ከታወቀው የልብ ወለድ ደራስያን መካከል ሴቶቹ በቁጥር ወንዶቹን ይበልጡ ነበር።

ሕጉ

ችግሩ ከገበያው ይልቅ በሕጉ ውስጥ ነበር። በ1710 የወጣው የንግሥት አን ሕግ ለአዲስ መጽሐፍ ደራሲ የ14 ዓመት የባለቤትነት መብት ሰጠ፤ ጊዜው ሲያልቅ ደራሲው በሕይወት ካለ ሌላ 14 ዓመት ይጨመርለታል። ይህ ሕግ ወንድና ሴት አይለይም። የጋብቻው ሕግ ግን ይለያል። ያላገባች ሴትና ባሏ የሞተባት ሴት በስማቸው መዋዋል ይችሉ ነበር፤ በ1759 የሎሬንስ ስተርን «ትሪስትራም ሻንዲ» መጀመሪያ የታተመው በዮርክ ከተማ ባሏ የሞተባት አን ዋርድ ታስተዳድረው በነበረ ማተሚያ ቤት ነው። ያገባች ሴት ግን በሕግ ፊት ከባሏ የተለየች ሰው ስላልነበረች በብዕሯ ያገኘችው ገንዘብ የባሏ ነበር።

የዚህን ትርጉም ሻርሎት ስሚዝ በሕይወቷ አየችው። በአሥራ አምስት ዓመቷ የተዳረችለት ባል በ1783 በዕዳ ታሰረ። በ1784 ሶኔት የተባሉትን አጫጭር ግጥሞቿን በራሷ ወጪ አሳተመች፤ መጽሐፉም ደጋግሞ ታተመ። በ1787 ከባሏ ተለይታ ልጆቿን በብዕሯ ለማሳደግ በላይ በላዩ ልብ ወለድ ጻፈች፤ ሆኖም ባሏ እየመጣ ገቢዋን ቢጠይቅ የሚከለክለው ሕግ አልነበረም። የልጆቿ አያት በ1776 ሲሞቱ ለልጅ ልጆቻቸው ያወረሱት ሀብት በኑዛዜው ግልጽ አለመሆን ምክንያት በፍርድ ቤት ታስሮ ቆይቶ ያለቀው በ1813፣ እርሷ ከሞተች ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። እንግሊዝ ያገባች ሴት በሥራዋ ያገኘችውን ገንዘብ የራሷ እንዲሆን የፈቀደችው በ1870 ነበር።

ከአፍሪካ የሄደች ገጣሚ፣ ስለ አፍሪካ የጻፈች ደራሲ

ከሁሉ የከበደው ውል የራሷ ሰውነት በሌላ ሰው ስም የተመዘገበባት ሴት ውል ነው። ፊሊስ ዊትሊ በሕፃንነቷ ከምዕራብ አፍሪካ ተወስዳ በ1761 በቦስተን በባርነት ተሸጠች። በ1772 የግጥም መጽሐፏን በቅድሚያ ምዝገባ ለማሳተም በዚያው ከተማ ቢሞከር በቂ ተመዝጋቢ አልተገኘም። መጽሐፉ በ1773 በለንደን ታተመ፤ በመግቢያውም ግጥሞቹን በእርግጥ የጻፈቻቸው እርሷ መሆኗን አሥራ ስምንት የቦስተን ታላላቅ ሰዎች የመሰከሩበት ጽሑፍ ተጨመረበት። በዚያው ዓመት ነፃ ወጣች። በ1779 ለሁለተኛ መጽሐፍ ምዝገባ ብትከፍት ገዢ አላገኘችም፤ በ1784 በድህነት ሞተች፤ የእጅ ጽሑፉም ጠፍቶ ቀረ።

የአገራችን ስምም ከዚህ ታሪክ አልራቀም። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱት የሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» በ1759 የወጣው በዚሁ ዘመን ነው፤ ስለ አበሻው ልዑል የሚተርከውን ይህንኑ መጽሐፍ በ1790 «ዲናርባስ» ብላ የቀጠለችው ደግሞ ኤሊስ ኮርኔሊያ ናይት የተባለች እንግሊዛዊት ናት። ሁለቱም አገራችንን በዓይናቸው አላዩም።

የውሉ ፍጻሜ

ወደ ኦስተን እንመለስ። በ10 ፓውንዱ ውል ከተጎዳች በኋላ በ1811 «ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ»ን በራሷ ኃላፊነት አሳተመች። ኪሣራ አይቀርም ብላ ከትንሿ ገቢዋ ገንዘብ ለይታ አስቀመጠች፤ መጽሐፉ ግን ተሸጦ አልቆ 140 ፓውንድ አተረፈላት። ይህ ውጤት ሳይታወቅ በ1812 ማብቂያ ላይ «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ»ን 150 ጠይቃ በ110 ፓውንድ ሸጠችው፤ መጽሐፉ እስከ 1817 ሦስት ጊዜ ሲታተም ለእርሷ አንድ ሳንቲም አልተጨመረላትም። ከዚያ ወዲህ መብቷን አልሸጠችም፤ ጆን መሪ የተባለው አሳታሚ ለሦስት መጻሕፍት 450 ፓውንድ ቢያቀርብላት አልተቀበለችም። ይህም ውሳኔ የራሱ ዋጋ ነበረው፤ በ1815 ማብቂያ የወጣው «ኤማ» ያስገኘው ትርፍ ለሌላው መጽሐፏ ሁለተኛ እትም ኪሣራ መሸፈኛ ሆነባት።

በ1816 ወንድሟ 10 ፓውንዱን ለክሮስቢ መልሶ የእጅ ጽሑፉን ተረከበ። አሥራ ሦስት ዓመት ተቀምጦ ነበር። ኦስተን በሐምሌ 1817 ሞተች፤ መጽሐፉ «ኖርዛንገር አቢ» ተብሎ በዚያው ዓመት ማብቂያ ወጣ። በሕይወቷ ሳለች የወጡት መጻሕፍት አንዱም ስሟን አልያዘም ነበር፤ የመጀመሪያው «በአንዲት ወይዘሮ» ብቻ ይላል። የድርሰቶቹ ባለቤት ማን እንደ ነበረች ለሕዝብ በኅትመት የተገለጸው ወንድሟ በዚህ መጽሐፍ መግቢያ በጻፈው የሕይወት ታሪክ፣ እርሷ ልታነበው በማትችልበት ጊዜ ነው።

ይህን ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሥራ በጀመርሁባቸው ዓመታት በአንድ መሥሪያ ቤት የአንድ ድልድይ ጥናት ስናዘጋጅ የውሃውን ስሌት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሠራችው አንዲት ሴት ባልደረባችን ነበረች። ጥናቱ ተጠርዞ ሲወጣ በሽፋኑ ላይ የሦስት ሰዎች ስም ነበረበት፤ የእርሷ አልነበረም። ከሦስቱ አንዱ የእኔ ነበር። እርሷም ምንም አላለችም፤ እኔም ምንም አላልሁም። ጥናቱ ዛሬም በመደርደሪያዬ ላይ አለ። ድልድዩ ውሃውን የሚያሳልፈው በእርሷ ቁጥር ነው፤ ሽፋኑን የሚያነብ ሰው ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።