የተበላሸችው ናሙና

ዛሬ ረዘም ያለ ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ። መጨረሻው ላይ ደግሞ የምከፍለው አንድ የቆየ ዕዳ አለ።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1925 ነው። ኒው ዮርክ በሚገኘው የቤል ላቦራቶሪ ክሊንተን ዴቪሰንና ሌስተር ጀርመር አየሩ በተመጠጠ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖችን ወደ ኒኬል ቁራጭ እየላኩ፣ እንዴት ተበትነው እንደሚመለሱ ይለኩ ነበር። አንድ ቀን የፈሳሽ አየር ጠርሙስ ፈነዳና ቱቦው ተሰበረ። ኒኬሏ በዚያን ሰዓት ግላ ስለነበር አየር ሲነካት ገጽታዋ በኦክሳይድ ተሸፈነ። በቃ፣ ናሙናዋ ተበላሸች።

ግን አልጣሏትም። ኦክሳይዱን ለማስለቀቅ በሃይድሮጅንና በቫክዩም ውስጥ ለረጅም ጊዜ አጋሏት። ሥራቸውን ሲቀጥሉ ቆየት ብሎ ውጤቱ ፍጹም ሌላ ሆነ። «ተሳስተናል» ብለው አላለፉትም፤ ቱቦውን ከፍተው ናሙናዋን መረመሩ። ለካ የኒኬሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች በሙቀቱ ምክንያት ጥቂት ትልልቅ ክሪስታሎች ሆነዋል! ከዚያ ተነስተው በ1927 ኤሌክትሮን የሞገድ ጠባይ እንዳለው አሳዩ። ዴቪሰን በ1937 የኖቤል ሽልማትን ከጆርጅ ቶምሰን ጋር ተጋራ።

የቁስ ገጽታ እንዲህ ስስ ነገር ነው። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 760 ቶር ነው። ግፊቱ ወደ አንድ ቶር ሚሊዮንኛ ቢወርድ እንኳ ንጹህ ገጽታ በሰከንዶች ውስጥ በጋዝ ሞለኪውሎች ሊሸፈን ይችላል። ከዚያ ደግሞ 10,000 ጊዜ ብንቀንሰው ጥቂት ሰዓታት እናገኛለን።

ታዲያ ናሙናው አየር ሳይነካው እንዴት ይገባል? የእኛን እናቶች አስቡ። ከገጠር ወደ ጅግጅጋ ገበያ የግመል ወተት የሚያመጡት ዕቃውን አስቀድመው በእንጨት ጭስ ያጥኑታል። ወተቱ ጥሩ መሆኑ ብቻ አይበቃማ፤ ዕቃውም መዘጋጀት አለበት። ሳይንቲስቶቹም የብረት ክፍላቸውን 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አድርሰው አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ያሞቁታል፤ ግድግዳው ላይ የተጣበቀው ውሃ እንዲለቅ።

ናሙናውን መጀመሪያ እንደ በረንዳ በምታገለግል ትንሽ ክፍል ያስቀምጡትና አየሯን ይመጥጣሉ። ከዚያ መሃል ያለውን ቫልቭ ከፍተው፣ ከውጭ በማግኔት በሚንቀሳቀስ ዘንግ ወደ ዋናው ክፍል ያሻግሩታል። በባዶ እጅ መንካት ክልክል ነው። ናሙናው ውስጥ ወድቆ ማንሳት ካልተቻለ ክፍሉን ከፍቶ ሥራውን ከሀ መጀመር ነው፤ ቀናት ይበላል።

ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪሽ ሮሬር ዙሪክ አቅራቢያ በሚገኘው የአይቢኤም ላቦራቶሪ በ1981 የሠሩት ማይክሮስኮፕ በ1983 የሲሊከን ገጽታ ላይ ያሉ አቶሞችን አሰላለፍ ያሳየው በእንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ ነው። በ1986 የኖቤል ሽልማት አገኙበት።

አሁን ወደ ዕዳዬ። ከዓመታት በፊት ክፍል ውስጥ የብረት ቁልፍ በመዳብ ስንለብጥ የአንዷ ተማሪዬ ቁልፍ አልሆነላትም። መዳቡ አንድ ቦታ ላይ አልያዘም፤ ባዶ የቀረው ቦታ ደግሞ ቁርጥ የጣት ቅርጽ ነው። «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ለምን እንቢ አለ?» አለችኝ። እኔ ሆዬ «በደንብ አላጸዳሽም» ብዬ ከአሥር ሁለት ሰጠኋትና ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

ልክ ነው፣ አላጸዳችም። ግን ያየችው ነገር ትክክል ነበር። ከጣቷ የቀረው ቅባት በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ሆኖ መዳቡን ከለከለው። አንድ ሙሉ የሳይንስ ዘርፍ የቆመው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። የእሷ ናሙና ከሁላችንም በላይ ሲናገር እኔ ዝም አሰኘሁት።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጥያቄሽ ከአሥር አሥር ነበር። አሁን የምታስተምሩ ደግሞ፣ የልጆች ሥራ ተበላሽቶ ስታዩ ከማረማችሁ በፊት አንዴ «ምን አየህ? ምን አየሽ?» በሉ።

መልካም ሰንበት ከጅግጅጋ።