በሰብል ቅጠል ውስጥ የአሞኒያ መፈጠርና የናይትሮጅን ዑደት

ስንዴ፣ ገብስና ባቄላን የመሳሰሉ ሰብሎች በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ሲያዘጋጁ፣ ሩቢስኮ የተባለው ኢንዛይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ ኦክስጅንን የሚይዝበት ጊዜ አለ። ይህን ተከትሎ የሚካሄደው ሂደት ፎቶሬስፒሬሽን ይባላል። ሂደቱ ሙቀት ሲጨምር፣ እንዲሁም በውኃ እጥረት ምክንያት የቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲዘጉ ይበረታል። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድን በሩቢስኮ ዙሪያ ስለሚያከማቹ ሂደቱ በእነርሱ ዘንድ እጅግ አነስተኛ ነው።

በፎቶሬስፒሬሽን ወቅት 2 የግላይሲን ሞለኪውሎች ወደ 1 የሴሪን ሞለኪውል ሲለወጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሞኒያ ይለቀቃሉ። አሞኒያው በቅጠሉ ውስጥ ከተከማቸ ጉዳት ያደርሳል፤ ወደ አየር ከወጣ ደግሞ ሰብሉ ከአፈርና ከማዳበሪያ ያገኘው ናይትሮጅን ይባክናል። በመሆኑም ግሉታሚን ሲንተቴዝ የተባለ ኢንዛይም አሞኒያውን ወዲያውኑ ይዞ ለአሚኖ አሲድ መሥሪያ ያውለዋል። ይህ ኢንዛይም በክሎሮፕላስታቸው ውስጥ የጎደላቸው የገብስ ተክሎች በተለመደው አየር ተጎድተዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛበት አየር ግን በደኅና አድገዋል።

ግሉፎሲኔት የተሰኘው ፀረ-አረም የሚሠራው ይህንኑ ኢንዛይም በማገድ ሲሆን፣ በተረጨው ቅጠል ውስጥ አሞኒያ ይከማቻል፤ ቅጠሉም ይደርቃል። ኬሚካሉ አረምን ከሰብል ስለማይለይ በነፋስ ተወስዶ ያረፈበትን ሰብል ሁሉ ሊጎዳ ይችላል። ስለሆነም አርሶ አደሮች ማንኛውንም ፀረ-አረም ከመርጨታቸው በፊት በመያዣው ላይ የተጻፈውን መመሪያ እንዲያነቡ፣ በቀበሌያቸው የሚገኘውንም የግብርና ልማት ሠራተኛ እንዲያማክሩ ይመከራል።