የሮማ ሪፐብሊክ
የሮማ ሪፐብሊክ በልማዳዊው አቆጣጠር ከ509 እስከ 27 ዓክልበ. የቆየ የጥንታዊት ሮማ መንግሥት ነበረ። ሮማውያን ንጉሣቸውን ካባረሩ በኋላ ሥልጣን ዳግመኛ በአንድ ሰው እጅ እንዳይወድቅ በየዓመቱ ሁለት ቆንሱሎችን ይመርጡ ነበር፤ አንዱም የሌላውን ትዕዛዝ ማገድ ይችል ነበር። ሴናቱ በሕግ አማካሪ ጉባኤ ብቻ ቢሆንም፣ ግምጃ ቤቱንና የውጭ ጉዳዩን በተግባር የያዘው እርሱ ነበረ።

ቆንሱሎቹ የጦር አዛዦችም ነበሩ። ሌጌዎን በተባለው ክፍለ ጦር መጀመሪያ የሚያገለግሉት መሣሪያቸውን በራሳቸው የሚያሟሉ ባለ ንብረቶች ነበሩ። በ107 ዓክልበ. ቆንሱሉ ጋይዩስ ማሪዩስ ንብረት የሌላቸውንም መለመለ። ድሃው ወታደር ከአገልግሎት በኋላ መሬት የሚጠብቀው ከሴናቱ ይልቅ ከአዛዡ ስለ ነበረ፣ ታማኝነቱም ቀስ በቀስ ወደ አዛዡ ዞረ። በ88 ዓክልበ. ቆንሱሉ ሱላ ሌጌዎኖቹን በሮማ ከተማ ላይ አዘመተ። የታሪክ ጸሐፊው አፒያን እንደሚለው፣ መኮንኖቹ ከአንዱ በቀር ጥለውት ሲሄዱ ተራዎቹ ወታደሮች ግን ተከተሉት።