ሸህረዛድን ማን ዝም አሰኛት?



«አላዲን» የተባለውን ፊልም ያላየ ወጣት በመካከላችን ጥቂት ነው። ታሪኩ ተካቶበታል የሚባለውን «ሺህ አንድ ሌሊት» የተሰኘ ኪታብ ገልጦ ያነበበ ግን ከዚያም ያነሰ ይመስለናል። ዛሬ ስለዚህ ኪታብና ስለ ባለታሪኳ ስለ ሸህረዛድ ጥቂት እንበል።

ነገሩን ያነሳንበት ምክንያት አለን። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በእንግሊዝኛ ለታዳጊዎች የሚጻፉ ልብወለዶች የጥንት ተረቶችን እየወሰዱ እንደ አዲስ ይተርካሉ። አዳኝ ስትጠብቅ የኖረችው ልጅ በአዲሱ መጽሐፍ ራሷን ታድናለች። ሸህረዛድም ተራዋ ደርሷል። ሬኔ አህዲዬ የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ በ2015 ባሳተመችው ልብወለድ ሸህረዛድ ቀስት ትወረውራለች፤ ንጉሡን የምታገባውም የተገደለች ጓደኛዋን ደም ለመበቀል ነው።

እነዚህን መጻሕፍት የምታነብ እህታችን ግን «ድሮ የነበረችው ሸህረዛድ ምስኪን ነበረች፤ ጉልበት የሰጧት የዛሬ ጸሐፊዎች ናቸው» ብላ ልታስብ ትችላለች። እውነት እንደዚያ ነው?

ወደ ጥንቱ ታሪክ እንመለስ። ንጉሥ ሻህሪያር ሚስቱ ከዳችውና ሴትን ሁሉ ጠላ። በየሌሊቱ አንዲት ልጃገረድ ያገባል፤ ሲነጋ ያስገድላታል። በአገሩ ልጃገረድ እስኪጠፋ ድረስ እንዲህ ቀጠለ። የቪዚሩ ልጅ ሸህረዛድ ያኔ ወደ አባቷ ቀርባ «ለእሱ ዳረኝ» አለችው። አባቷ ለመናት፣ አስፈራራት፤ እሷ ግን አልተመለሰችም። በ1835 ካይሮ ቡላቅ በታተመው ቅጂ ላይ የሰጠችው ምክንያት ተጽፏል፦ ወይ በሕይወት ትተርፋለች፣ ወይ ለሙስሊሞች ሴት ልጆች ቤዛ ትሆናለች። ያው ኪታብ ስለ ነገሥታትና ስላለፉ ሕዝቦች የሚያወሱ ሺህ የታሪክ መጻሕፍት እንደሰበሰበች ይነግረናል።

ልብ በሉ! ወደ ቤተ መንግሥቱ ስትገባ ቀስት አልያዘችም። የያዘችው ያነበበችውን ነው። የሄደችውም ለበቀል ሳይሆን ገና ያልተገደሉትን ለማትረፍ ነው።

ይህ ታሪክ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ናቢያ አቦት የተባለች የታሪክ ተመራማሪ በ1949 ከግብፅ የተገኘ የአንድ አሮጌ ወረቀት ጥናት አሳተመች። ወረቀቱ ላይ አንድ ሰው በ266 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በ879፣ ጽሑፍ መለማመጃ አድርጎት ነበር። ከልምምዱ ሥር ያለው የቀደመ ጽሑፍ ግን የሺህ ሌሊቶች ተረት መጀመሪያ ነው፤ እዚያም አንዲት ሴት ሌላዋን ተረት ንገሪኝ ትላታለች። ከዚያ በኋላ በአሥረኛው ክፍለ ዘመን የባግዳዱ መጽሐፍ ሻጭ ኢብኑ አን-ነዲም መጽሐፉን ጠቅሶታል፤ ግን አልወደደውም፣ ተራ ነገር አድርጎ ነው ያየው። የተማሩት ቢንቁትም በየገበያውና በየቤቱ መነገሩ አልቀረም።

ታዲያ ሸህረዛድ አእምሮዋን የተቀማችው የት ነው? ፈረንሳዊው አንትዋን ጋላን ከ1704 እስከ 1717 ባሉት ዓመታት ኪታቡን በ12 ቅጽ ተርጉሞ አሳተመ። የአላዲንንና የዐሊ ባባን ተረት የነገረው በ1709 ፓሪስ ያገኘው ሐና ዲያብ የተባለ የሐለብ ተወላጅ ክርስቲያን ነው። ሁለቱ ተረቶች በጋላን እጅ በነበረው የዐረብኛ ቅጂ ውስጥ አልነበሩም። ከዚያ በኋላ ሠዓሊው፣ ዘፋኙ፣ ፊልም ሠሪው ተቀባበላት። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በ1845 በጻፈው አጭር ታሪክ ሸህረዛድ ተረቷ ንጉሡን ሰልችቶት ታንቃ ትሞታለች።

ይህን ጉዳይ ያጠናችው በ1940 ፌዝ የተወለደችው ሞሮኳዊት ፋጢማ መርኒሲ ናት። ስለ ልጅነቷ የጻፈችውን መጽሐፍ ይዛ በምዕራባውያን ከተሞች ስትዞር ጋዜጠኞች «ሐረም» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፈገግ ይሉ ነበር። ለምን እንደሚስቁ ልትረዳ ስትሞክር አንድ ነገር አስተዋለች፦ እነሱ የሚያውቋት ሸህረዛድ ቀጭን ልብስ የለበሰች ጨፋሪ ናት። ሰውነቷን ወስደው ጭንቅላቷን ትተዋል።

ከሁሉም እኛን የነካን የመርኒሲ አያት ታሪክ ነው። አያቷ ያስሚና ማንበብ አትችልም ነበር። ግን ከኪታቡ ተረቶች አንዱን፣ ላባ ቀሚስ ለብሳ የምትበር ሴት ያለችበትን፣ በቃሏ ታወራ ነበር። በታተመው ኪታብ ተረቱ የሚጠራው በወንዱ፣ በሐሰን አል-በስሪ ስም ነው፤ በመጨረሻም ሐሰን የሸሸችውን ሚስቱንና ልጆቹን አግኝቶ ይመልሳል። ያስሚና ግን ተረቱን በሴቷ ስም ትጠራዋለች። በእሷ አነጋገር ሴትዮዋ ላባዋን ለብሳ በረረች፤ ሐሰንም አላገኛትም።

እንግዲህ ተረትን ከሴቷ ጎን ሆኖ ዳግም መተረክ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ነው ያለው ማን ነው? አንዲት ያልተማረች ሙስሊም አያት ሞሮኮ ውስጥ ተቀምጣ ስታደርገው ኖራለች።

ኪታቡ እንከን የለውም አላልንም። ሴትን የሚሰድቡ፣ ጥቁርን የሚያዋርዱ ብዙ ተረቶች አሉበት፤ ዳግም የሚጽፉት ሰዎች ይህን ቢሞግቱ ትክክል ናቸው። አዲሶቹንም አታንብቡ አንልም። ግን ጥያቄ ይዛችሁ አንብቡ። በአህዲዬ ልብወለድ ልጅቷ ለመግደል የሄደችበትን ንጉሥ ትወደዋለች። ቀስት የያዘችው ይህቺ ናት ወይስ ሺህ መጽሐፍ የሰበሰበችው ይበልጥ የበረታችው? መልሱን ለእናንተ እንተዋለን።

እስከዚያው አንድ አደራ አለን። አያት ያላችሁ ዛሬ ማታ አጠገባቸው ቁጭ በሉና «ተረት ንገሩኝ» በሏቸው። ተረቱን በማን ስም እንደሚጠሩት፣ ሴቷን መጨረሻ ላይ የት እንደሚያደርሷት አዳምጡ። ከዚያ ሳይዘነጋ ጻፉት። የያስሚናን ተረት ያወቅነው የልጅ ልጇ ስለጻፈችው ነውና።

ወሰላሙ ዐለይኩም።