የነፍስ ድርሻና የወራሽ ድርሻ

በቀደመው ዘመን ባላገሩ ምእመን ደዌ ጸንቶበት ዕለተ ሞቱ መቃረቡን ባወቀ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስጠራው ዳኛውን ሳይሆን የነፍስ አባቱን ነበር፤ ካህኑም መስቀሉን ይዞ በራስጌው ተቀምጦ ካናዘዘውና ከፈታው በኋላ፣ በደጅ የቆዩት ሽማግሎች ገብተው፣ በሽተኛው ከማን ስንት ብር እንደ ተበደረ፣ ለማን ስንት ቁና እህል እንዳበደረ፣ በበረቱ ካሉት በሬዎች የትኛው የራሱ፣ የትኛው የጎረቤት አደራ እንደ ሆነ አንድ በአንድ ሲናገር ይሰሙ ነበር። በመጨረሻም ካህኑ፣ ይህን ቃል ያፈረሰ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ብሎ ይገዝታል፤ መዝገብና ጸሐፊ ባልነበረበት መንደር የኑዛዜው ማኅተም ይኸው ግዝት ነበርና ወራሾች እጅግ ይፈሩት ነበር።

ርስት ግን ተናዛዡ እንደ ወደደ የሚያድለው ንብረት አልነበረም። በጎጃምና በበጌምድር ልማድ ከአቅኚው አባት የተወለደ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በአባቱም በእናቱም ሐረግ ቆጥሮ የሚጠይቀው ስለ ነበር፣ ለኑዛዜ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ከብቱ፣ እህሉ፣ ገንዘቡና የቤት ዕቃው ነው። ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ሊቃውንቱ የሚጠቅሱት መጽሐፍ በ13ኛው ምእት ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተጠናቅሮ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ነበር።

ከዚህ ንዋይ ላይ የመጀመሪያዋ ባለመብት በሕዝቡ ልቡና የሟቹ ነፍስ ነበረች። ከሰልስት ጀምሮ እስከ ሙት ዓመት ድረስ ከሚደረገው መታሰቢያ ሁሉ ይልቅ የአርባው ቀን ተዝካር ይከብዳል፤ ጠላው ይጠመቃል፣ በሬው ይታረዳል፣ ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ከነዳያኑ ጋር ይመገባሉ። ሙታንን በጸሎትና በምጽዋት ማሰብ የተቀደሰ ሥርዓት መሆኑን አምናለሁ፤ ነገር ግን ለእርሻ የቀረው አንድ በሬ ለድግስ ታርዶ ባልቴቲቱ ከነልጆቿ በዕዳ ስትያዝ፣ ሥርዓቱ ከምጽዋትነት ወጥቶ ለሰው ዓይን የሚደረግ ሆነ ብዬ እፈርዳለሁ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ልማድ ጨርሶ አልናቀውም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ማዘዙ፣ ሽማግሎቹ በአልጋው ዙሪያ ቆመው ይሰሙ የነበረውን ቃል በጽሑፍ ያጸናዋል። በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል የሚደረገውንም ኑዛዜ ተቀብሎታል፤ ነገር ግን እንዲህ ባለው ቃል የሚሰጥ እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር እንዳይበልጥ ወስኖ፣ ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ 3 ወር በሕይወት ከቆየ ቃሉ እንዲፈርስ ደነገገ።

ታላቁ ለውጥ ግን የውርስ አጣሪው ዕዳ በሚከፍልበት ተራ ላይ ነው። አስቀድሞ ለሟቹ ማዕርግ የተገባ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ውርሱን ለማስተዳደርና ለማጣራት የወጣው፣ ከዚያ የሟቹ ዕዳ፣ ከዚያም የቀለብ ግዴታ፣ በመጨረሻም በኑዛዜ የተሰጠው ስጦታ ይከፈላል፤ የተዝካር ወጪ ግን ከቀብር ወጪ አይቈጠርም። ይህ አንድ ድንጋጌ ለስንት ባልቴት በሬዋን እንዳተረፈላት ሳስበው ሕግ አውጪውን አመሰግናለሁ። ነፍሱ በተዝካር እንድትታሰብ የሚሻ ምእመን ገንዘቡን በኑዛዜው ሊመድብላት ይችላል፤ ተራዋ ግን እህል ካበደረው ጎረቤት በኋላ ነው።