የአድቫይዘሩ በር

ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ሁሉ አድቫይዘር የሚባል መምህር ተመድቦለታል። ብዙዎቻችን የምናውቀው በፊርማው ነው። ኮርስ ለመጨመር ወይም ለመጣል ቅጽ ይዘን በሩ ላይ እንሰለፋለን፣ ይፈርማል፣ አለቀ። እኔ በሦስት ዓመት ውስጥ ከአድቫይዘሬ ጋር ያወራሁት ቢደመር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ዛሬ ላነሳ የፈለግኩት ግን በሩን ከፊርማ በላይ የሆነ ነገር ይዞ የሚያንኳኳውን ተማሪ ነው። ከራሱ ጾታ ሰው የሚወድ፣ ከሁለቱም የሚወድ፣ ወይም ወንድ ተብሎ አድጎ ውስጡ ሌላ የሚለው ተማሪ። ርዕሱን አይቶ ከቻናሉ የሚወጣ ይኖራል፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። የቀራችሁ ወደ ታሪኩ እንሂድ።

አድቫይዘር ከውጭ የመጣ ሹመት ነው። የቆሎ ተማሪው የኔታ አለው፣ ደረሳው ሼኹ አለው። ክሬዲት አወር፣ ዲን ኦፍ ስቱደንትስና አድቫይዘር ግን በዋናነት ከአሜሪካ የተቀዱ ናቸው፤ መጀመሪያ በ1940ዎቹ ከኦክላሆማ በመጡት መምህራን በኩል ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ገቡ፣ ቀጥሎ በ1954 ዓ.ም. የተመሠረተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ወሰዳቸው።

አሜሪካኖቹ ራሳቸው በዚህ ወንበር ምን ሠሩበት? እ.ኤ.አ. በ1920 ሃርቫርድ ውስጥ አንድ ተማሪ ራሱን ካጠፋ በኋላ ዲኑ ያሉበት አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ በምስጢር ተቀመጠ። ተማሪዎችን አንድ በአንድ እየጠሩ ማን ከማን ጋር እንደሚውል፣ ማን የማን ጓደኛ እንደሆነ መረመሩ። ጥፋተኛ የተባሉት ከግቢው ብቻ ሳይሆን ከከተማውም እንዲወጡ ታዘዙ። ከተመረመሩት አንዱ ራሱን አጠፋ። ፋይሉ ለ80 ዓመት ያህል ተቆልፎበት ቆይቶ በ2002 የተማሪዎቹ ጋዜጣ አወጣው፤ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንትም ተጸጸቱ። ከዚያ ምርመራ እስከ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ድረስ 51 ዓመት አለ። ሚሺጋን በ1971 ለእነዚህ ተማሪዎች ብቻ የሚሠራ ቢሮ ከፈተ፣ ሁለት ሠራተኛም መደበ። ልብ በሉ፤ የምክር ሥራ ከምርመራ እስኪለይ በሀብታም አገር እንኳ ግማሽ ክፍለ ዘመን ፈጅቷል።

ወደ እኛ ሕግ ስንመጣ ነገሩ የተጠላለፈ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ናቸው። አገራቸው ስዊዘርላንድ በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚደረገውን ከወንጀልነት ካስወጣች ያኔ 15 ዓመት አልፏታል። የእኛው አንቀጽ 600 ግን ወንጀል አድርጎ አስቀመጠው። ሆኖም «ሕጉ የፈረንጅ ነው» ብዬ አልሸውዳችሁም፤ ውግዘቱ ፍትሐ ነገሥት ውስጥም አለ። የሚገርመው በዚያው ዘመን ሳይመን ሜሲንግ የተባለ ተመራማሪ በደጋው አማራ ላይ በጻፈው የዶክትሬት ሥራው ወንዳገረድ የሚባሉ ሰዎች በመንደሩ መካከል ሲኖሩ መዝግቧል። ቃሉ ዛሬም መዝገበ ቃላታችን ውስጥ አለ፤ ስድብ ሆኖ።

አሁን የሚሠራበት የ1996ቱ ሕግ ጉዳዩን በአንቀጽ 629 ወርሶታል፤ ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው። አንቀጽ 630 ደግሞ ሥልጣኑን ተጠቅሞ ሌላውን የሚያስገድደውን ሰው ከባድ ቅጣት ያስቀጣዋል፣ መምህርንም በስም ይጠራል። ትክክል ነው። መምህር በተማሪው ላይ ያለው ሥልጣን ቀላል አይደለም።

ሁለት ነገር ግን አብሮ ይነበብ። አንደኛ፣ ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ «እንዲህ ይሰማኛል» ያለ ተማሪ ወንጀል አልሠራም። ሁለተኛ፣ ብዙ መምህር «ካላመለከትኩ እጠየቃለሁ» ብሎ ይፈራል። ወንጀልን ባለማስታወቅ የሚያስጠይቀው አንቀጽ 443 ግን በዋናነት የሚመለከተው ሞት ወይም የዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጡትን ነው። ቀላል እስራት እዚያ ውስጥ አይገባም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል።

ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም። በ1999 ፒው በተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ከተጠየቁት ኢትዮጵያውያን 97 በመቶው ማኅበረሰቡ ይህን ሊቀበል አይገባም ብለዋል። በ2001 የሃይማኖት መሪዎች ተሰብስበው እገዳው በሕገ መንግሥት ይስፈር አሉ። በ2006 ወንጀሉን ይቅርታ ከማያሰጡት ተርታ ለማስገባት ታስቦ ነበር፤ መንግሥት ራሱ ተወው፣ ሊደረግ የነበረው ሰልፍም ቀረ። ነሐሴ 2015 ላይ ግን የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ ከሕዝብ ጥቆማ እየተቀበለ በሆቴልና በባር ላይ እርምጃ መውሰዱን ገለጸ፤ በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ የሰዎች ፎቶና ስም እየተለጠፈ «ያዙት» ይባል ነበር። ጥቆማ ከሁሉም ቀላል ሥራ ሆነ።

ይህን ይዛችሁ አዳማን አስቡ። የዛሬው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ አጋማሽ የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ትንሽ ግቢ ነበር። በ1998 አዳማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ በ2003 የአሁኑን ስሙን ያዘ። ዛሬ ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር የመጣ ወጣት በአንድ ዶርም ያድርበታል። በከተማው የግል ኮሌጆች ደግሞ የመቂ፣ የባቱ፣ የአርሲ ነገሌና የሻሸመኔ ልጆች ሞልተዋል፤ ቅዳሜ ሞጆ ላይ መኪና ቀይረው ቤተሰብ ጠይቀው የሚመለሱ። ይህ ቅርበት ለሌላው ተማሪ በረከት ነው። ለዚህኛው ግን አዳማ የተወራ ወሬ ከእሱ ቀድሞ ባቱ ይደርሳል። የዶርም ጓደኛ ስልኩን ከፍቶ ካየበት ማታ ጀምሮ ላይብረሪ አይገባም፣ ክፍል ይቀራል፣ ውጤቱ ይወርዳል። አድቫይዘሩ የሚያየው ውጤቱን ነው። «ሰነፍክ» ይለዋል።

አድቫይዘር እምነቱን ይተው አላልኩም። ምስጢር መጠበቅ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ የንስሐ አባት የሰማውን አደባባይ አያወጣም፣ ስለሰማም ኃጢአቱን ደገፈ አይባልም። ከመምህሩ የሚጠበቀው ከዚያ ያነሰ ነው። ቤተሰብ ጋ አለመደወል። የሰማውን ፋይል ላይ አለመጻፍ፣ ለሥራ ባልደረባ በሻይ ሰዓት አለማውራት። ዶርም መቀየር የሚፈልገውን ተማሪ ምክንያቱን ሳያጠያይቅ መደገፍ። ራሴን አጠፋለሁ የሚል ቃል ከሰማ ግን ስብከቱን ለሌላ ቀን ትቶ ብቻውን ሳይተወው እዚያው ሐኪም ጋ ማድረስ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚሄድ ይኖራል። እንዲህ ያለ ተማሪ ትምህርቱን ሲያቋርጥ ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ ይገጥመዋል፣ ከሥሩም የአድቫይዘር ፊርማ። ያ ወረቀት በሚቀጥለው ዓመት ለመመለስ ሲያመለክት ተመልሶ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። «በግል ችግር» ብሎ መፈረም ይበቃል።